ጓንቱ ማንን ነው የሚጠብቀው?

«ጓንት» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሐኪም እጅ ነው፤ ካልሆነም የትራፊክ ፖሊስ ወይም የሙሽራ። ቃሉም ቢሆን ከውጭ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች «ጓንቶ» ይሉታል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሁለት ዓይነት ጓንት ነው። አንደኛው በ1950ዎቹ የአሜሪካና የአውሮፓ ወይዛዝርት ለኦፔራ፣ ለእራት ግብዣና ለቤተ መንግሥት ጥሪ የሚያጠልቁት ረጅሙ ጓንት ነው። ሁለተኛው በዚያው ዘመን የድሃ ሰፈር ልጆች አማተር ቦክስ ሪንግ ውስጥ የሚያስሩት ወፍራሙ ጓንት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

«ሐር ለብሳ ኦፔራ የምትሄድን ሴትና ላብ የሚያጠምቀውን ቦክሰኛ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጓንቱ ማንን ነው የሚጠብቀው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ቤት ግን በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ቆሞ መወሰን የነበረበት ጉዳይ መጥቶብን ነበር። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት እስቲ ሁለቱን ጓንቶች በየተራ እንያቸው።

የማይሠራ እጅ

በ1950ዎቹ ኒውዮርክ፣ ለንደን ወይም ፓሪስ ውስጥ የደህና ቤተሰብ ሴት ያለ ጓንት ከቤት ወጣች ማለት፣ በእኛ አገር ነጠላ ሳትደርብ ቤተ ክርስቲያን ሄደች እንደማለት ነው። ቀን ላይ አንጓ ላይ የሚያልቀው አጭሩ ጓንት ይደረጋል። ማታ ክንድ የሚያሳይ ቀሚስ ሲለበስ ደግሞ ከክርን የሚያልፈው ረጅሙ። የጓንት ርዝመት የሚቆጠረው በ«ቁልፍ» ነው። ጓንቱ ላይ የተሰፋው ቁልፍ ተቆጥሮ ግን አይደለም። ከአውራ ጣት ሥር ተነስቶ ወደ ላይ ሲለካ አንድ «ቁልፍ» ማለት አንድ የድሮ የፈረንሳይ ኢንች፣ ወደ 2.7 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ባለ 16 ቁልፍ የሚባለው የኦፔራ ጓንት ከክርን አልፎ እስከ ላይኛው ክንድ ይደርሳል።

ሥርዓቱም ብዙ ነው። ጓንት አድርጎ መብላት ነውር ነው። ወንድ ሰው ሲጨባበጥ የቀኝ እጁን ጓንት ማውለቅ አለበት፤ ሴቷ ግን እንዳደረገች እጇን መዘርጋት ትችላለች። ረጅሙ ጓንት አንጓው ላይ በትናንሽ ቁልፎች የሚዘጋ ክፍት ቦታ አለው። በእሱ በኩል እጅን ብቻ አውጥቶ ክንድን እንደተሸፈነ ማቆየት ይቻላል። ለአንድ ጓንት ይሄን ያህል መጨነቅ!

ሲኒማውም ጓንቱን ተጫውቶበታል። በ1946 «ጊልዳ» በተባለው ፊልም ሪታ ሄይዎርዝ እየዘፈነች አንድ ረጅም ጥቁር ጓንት ቀስ ብላ ታወልቃለች። የወለቀው ልብስ ጓንት ብቻ ነው፤ ትዕይንቱ ግን እስከዛሬ ይወራለታል። በ1953 ማሪሊን ሞንሮ ሮዝ ቀሚስ ከሮዝ ረጅም ጓንት ጋር፣ በ1961 ደግሞ ኦድሪ ሄፕበርን ጥቁር ቀሚስ ከጥቁር ረጅም ጓንት ጋር ለብሰው የወጡበት ምስል ዛሬም ፖስተር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልዛቤት ዘውድ ሲጭኑ በቀኝ እጃቸው ያጠለቁት ነጭ ጓንትም አለ። እሱን የሠራው ዴንትስ የተባለው የቆየ የእንግሊዝ ጓንት ሰሪ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጓንት እጅን ከምን ሊጠብቅ ነው? ከብርድ እንዳንል፣ አዳራሹ ይሞቃል። ከቆሻሻ እንዳንል፣ የሚነካ ቆሻሻ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ነጭ ጓንት ዋናው ሥራው መናገር ነው። «ይህ እጅ ዕቃ አያጥብም፣ እሳት አያቀጣጥልም» ይላል። ነጭ ጓንት በአንድ ቀን ይቆሽሻል። ነጭ ሆኖ የሚቆየው ሌላ ሰው ሲያጥበው ነው። በስሙ ጨዋነት፣ ለሌላው አክብሮት ይባላል። በተግባር ግን ጓንቱ የሚጠብቀው የባለቤቱን ክብር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጣቱ እንዲህ ያለውን ወግ ሲጥል የዘወትሩ ጓንትም አብሮ ከፋሽን ወጣ።

እኛ ጋ ግን በሠርግ በኩል ገብቶ ቀርቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴን ልጅ ስድር እኛም ሚዜዎቹ እስከ ክርናችን የሚደርስ የሚያብረቀርቅ ጓንት ከቬሎ አከራይ ቤት ተከራይተን አድርገን ነበር። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልክድም። ችግሩ የመጣው ምሳ ሲቀርብ ነው። እንጀራ በጓንት አይቆረስ! የሙሽራው እናት ጉርሻ ጠቅልለው ሲመጡ፣ ሙሽሪት አጸፋውን ለማጉረስ ጓንቷን በጥርሷ ይዛ ስትጎትት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኛ አገር ፍቅር የሚገለጸው በታጠበ ባዶ እጅ ነው። ጓንት ደግሞ በትርጉሙ እጅን ከሌላ ሰው የሚለይ ነገር ነው።

ሌጦው ከየት ይመጣል?

የጓንት ነገር ለእኔ ሩቅ ያልሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። ጥሩ የቆዳ ጓንት የሚሠራው ቀጭን ሆኖ ከማይቀደድ ሌጦ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ደግሞ ለዚህ በዓለም ገበያ ስም ካላቸው አንዱ ነው። የፍየሉ «ባቲ ጀኒዊን»፣ የበጉ «ሰላሌ ጀኒዊን» ተብሎ በአገር ስም ይጠራል። በ1826 የተቋቋመው የእንግሊዙ ፒታርድስ ለረጅም ዓመታት የእኛን ሌጦ እየወሰደ የጓንት ቆዳ ሲሠራ ኖሯል፤ በኋላም እዚሁ አገራችን የቆዳ ፋብሪካ ነበረው። እንግሊዝ ያለው ዋናው ኩባንያ በ2023 ከስሮ ተዘጋ።

አባቴ የሚሠራው አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራው ሌጦ መምረጥ ነው፤ የመጣውን ሌጦ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ደረጃ ያወጣለታል። ቢላዋ ነክቶታል? እሾህ ቧጭሮታል? «እከክ» የሚሉት፣ በጉ በሕይወት እያለ ተባይ የሚያመጣበት ነጠብጣብ አለበት? አንዳንዱ በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚገኘው። ለዚህ ነው አባቴ ይህን ሥራ በባዶ እጁ የሚሠራው። ልጅ ሆኜ «ጓንት ለምን አታደርግም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ጓንት ካደረግኩ ሌጦው አያናግረኝም» አለኝ። እንግዲህ አስቡት፤ የማላውቃት ሴት እጇን የምትሸፍንበትን ቆዳ አባቴ በባዶ እጁ ዳብሶ አንደኛ ደረጃ ብሎ ያሳልፈዋል።

የቦክስ ጓንት በአብዛኛው ከላም ቆዳና ከመሳሰለው ወፍራም ቆዳ ስለሚሠራ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ አያልፍም። እሱ እኛ ቤት የገባው በሌላ በር ነው፤ በታናሽ ወንድሜ።

ከጨዋ ልጆች እስከ ወርቃማው ጓንት

የቦክስ ጓንት ታሪክ ሳነብ ያሳቀኝ ነገር መነሻው ራሱ ጨዋነት መሆኑ ነው። በ1740ዎቹ ለንደን ውስጥ ጃክ ብሮተን የተባለ ቡጢኛ ነበረ። በ1743 የመጀመሪያውን የቡጢ ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ከእሱ ዘንድ ቡጢ ለመማር የሚመጡት ጌቶች ዓይናቸው ሳይጠቁር፣ አፍንጫቸው ሳይደማ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ በውስጡ ነገር የተጠቀጠቀበት የእጅ መሸፈኛ አዘጋጀላቸው። ጓንቱ ለአማተሮቹ ብቻ ነበር፤ ለገንዘብ የሚፋለሙት ግን በባዶ እጃቸው መመታታቱን ቀጠሉ።

በ1867 የኩዊንስቤሪ ደንብ የሚባለው ወጣ። የሦስት ደቂቃ ዙር፣ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እስከ አሥር መቁጠር፣ ጓንትም ግዴታ። በ1889 ጆን ሱሊቫንና ጄክ ኪልሬን በባዶ እጅ 75 ዙር ተደባድበው ሱሊቫን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በከባድ ሚዛን ለዓለም ዋንጫ በባዶ እጅ የተደረገ ግጥሚያ የለም። ሱሊቫን ራሱ በ1892 በጓንት ተጫውቶ በጂም ኮርቤት ተሸነፈ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጥመው ክፍል አሁን ይመጣል። በአሜሪካ በጣም የታወቀው የአማተር ቦክስ ውድድር «ጎልደን ግላቭስ»፣ ማለትም ወርቃማው ጓንት ይባላል። ያቋቋሙት ጋዜጦች ናቸው! በ1923 ቺካጎ ትሪቢዩን ጀመረው፤ በ1927 የኒውዮርኩ ዴይሊ ኒውስ የስፖርት አዘጋጅ ፖል ጋሊኮ በዚህ ስም ኒውዮርክ ላይ አካሄደው። ለአሸናፊው የሚሰጠው ትንሽ የወርቅ ጓንት ነው። ጆ ሉዊስ በ1934 ቺካጎ ላይ አሸነፈ። ካሲየስ ክሌይ፣ በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው፣ በ1959ና በ1960 ብሔራዊውን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው ሮም ሄዶ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣው።

1953ን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ለንደን ላይ ለዘውድ በዓል ነጭ ጓንት በተጠለቀበት በዚያው ዓመት፣ ቦክስን እስር ቤት ውስጥ ተምሮ ገና ባለፈው ዓመት የተፈታው ሰኒ ሊስተን በከባድ ሚዛን የጎልደን ግላቭስ አሸናፊ ሆነ። ለአንዷ ጓንት «ይህ እጅ መሥራት አይኖርበትም» የሚል ምልክት ነው። ለሌላው ደግሞ ከእጁ በቀር የሚነግድበት ነገር ለሌለው ሰው የመውጫ በር ነው።

ጋሊኮ ራሱ ወጣት ዘጋቢ ሳለ በ1923 ከዓለም ሻምፒዮኑ ከጃክ ዴምፕሲ ጋር ሪንግ ገብቶ ነበር፤ በዝረራ መሸነፍ ምን እንደሚመስል ቀምሶ ሊጽፍ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆመም። ቀመሰ፣ ጻፈም። ዴምፕሲ እጅ ላይ ጓንት ነበረ።

ጓንቱ እጅን ነው የሚያውቀው

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት፤ አብዛኞቹ ትንንሽና ስስ ናቸው። የራስ ቅል ደግሞ ጠንካራ ነው። በባዶ እጅ ደጋግሞ ግንባር የሚመታ ሰው ቶሎ የሚሰበረው የራሱ እጅ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ጭንቅላትን ሲመቱ ይጠነቀቁ ነበር። ጓንትና ፋሻ ሲመጣ ግን እጁ ዳነ፤ እጁ ሲድን ጭንቅላትን ያለ ስጋት ደጋግሞ መምታት ተቻለ። እርግጥ ጓንቱ የሚመታውንም ሰው ይረዳዋል፤ ቆዳ መሰንጠቁን፣ አጥንት መሰበሩን ይቀንሳል። ነገር ግን ጭንቅላት በድንገት ሲወረወርና ሲዞር አንጎል ቅል ውስጥ ይናጣል። ይህን ትራስ አያስቆመውም። አሜሪካዊው ሐኪም ሐሪሰን ማርትላንድ ብዙ ቡጢ በተቀበሉ ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን የመደንዘዝና የመንገዳገድ ችግር በሕክምና መጽሔት የጻፈው በ1928 ነው፤ እነዚያ ቦክሰኞች ሁሉ ጓንት ይዘው የተጫወቱ ናቸው።

የራስ መከላከያውም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በኦሊምፒክ በ1984 ግዴታ ሆነ፤ በ2013 ደግሞ የአማተር ቦክስ ማኅበሩ ከዋናው የወንዶች ውድድር አወጣው፤ በ2016 ሪዮ ላይ ወንዶቹ ያለ እሱ ተጫወቱ። ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎል መናጡን አያስቀርም የሚለው ክርክር ለውሳኔው አንዱ ምክንያት ነበር።

እማዬ ይህን አታውቅም ነበር። ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ከተማችን ባለው ወጣት ማዕከል ቦክስ ሊጀምር ሲል የፈቀደችለት በጓንቱ ምክንያት ነው። «እጃቸው ላይ እኮ ትራስ ነው የሚያስሩት፤ ጠብ አይደለም» ትል ነበር ለጎረቤት። ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስገባ ልብስ ማስጫው ላይ ጥንድ ቀይ ጓንት ተንጠልጥሎ አየሁ። የማዕከሉ ነው፤ ለብዙ ልጆች በየተራ ነው የሚያገለግለው፤ ላቡ እንዲደርቅ በተራው ይዞት መጥቷል። በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ከስፓሪንግ ሲመለስ ራሱን አመመውና መብራት አጥፉልኝ ብሎ ተኛ። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችው። በማግስቱም ራሱን ያዞረው ነበር።

ያነበብኩትን ነገርኳት። ቀላል አልነበረም፤ የምነግራት ልጇን ስለሚጎዳ ነገር ነው፣ ያውም እሷ ራሷ ስለፈቀደችው። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ጓንቱ ለምንድን ነው?» አለች። «ለሚመታው እጅ» አልኳት።

ወንድሜ ተቆጣ። «አንቺ ጋዜጠኛ እሆናለሁ ስትዪ እማዬ ስንት ሌሊት አልተኛችም፤ ማን ከለከለሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቱን ነው። ቦክስ ለእሱ ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ከጀመረ ወዲህ በጊዜ ይተኛል፣ ጫት ቤት ደጃፍ መቆሙን ትቷል፣ ትምህርቱም አልወረደም። ተው ብለን ብናስቀረው የት ሊውል ነው?

አባቴ እስከዚያ አልተናገረም። ተነስቶ ጓንቱን አወረደና እጁን አስገባበት። እንደ ሌጦ ከውስጥም ከውጭም ዳበሰው። በሌላው እጁ ፊቱን ጫን ጫን አደረገና «ይሄ እጅን ነው የሚያውቀው፤ ሌላ ነገር አያውቅም» አለ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ «አንተ ስትመታ የሚያይህ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ለካ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነበር። በአማተር ቦክስ ጭንቅላትን የሚጠብቀው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው። ግጥሚያውን በጊዜ የሚያቆም ዳኛ፣ ሪንግ ዳር የሚቀመጥ ሐኪም፣ ፎጣ የሚወረውር አሰልጣኝ። ደንቡም በጭንቅላት ምት በዝረራ የተሸነፈ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን ከሪንግ እንዲርቅ ያዛል። ችግሩ ይህ ሁሉ ያለው ለግጥሚያ ቀን መሆኑ ነው። በአዘቦት ልምምድ ሐኪም የለም።

እኔና እማዬ አሰልጣኙ ዘንድ አብረን ሄድን። ተናድዶ ያባርረናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር አወጣልን። የልጁን ሁኔታ ሲሰማ ደነገጠ፤ ወንድሜ ራሱን እንዳመመው አልነገረውም ነበር። «እኔ እኮ ካልነገሩኝ አላይም፤ እነሱ ደግሞ ፈሪ እንዳይባሉ አይነግሩኝም» አለ። ተስማማን። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ታይቶ፣ አንድ ወር ሙሉ ጭንቅላቱን የሚመታው ሰው ሳይኖር ጆንያ ብቻ እየመታና ገመድ እየዘለለ ይቆያል። ከዚያ በኋላም ስፓሪንግ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። አሰልጣኙ ይህንኑ ለሌሎቹም ልጆች አደርገዋለሁ አለ፤ አድርጎታልም።

ወሩ አልፎ ወንድሜ ተመልሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከሪንጉ አጠገብ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ቦክስ አይገባትም። ልጆቹ ሲወርዱ ግን አንድ በአንድ «ራስህን አሞሃል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለእሷ ደግሞ አይዋሹም ይላል አሰልጣኙ። ስጋቴ ለቀቀኝ ብል ግን ውሸት ነው። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ወዳጆቼ፣ ነገ ተመርቀን ስንወጣ «ምንም ስጋት የለም፣ መከላከያ አለው» የሚሉን ብዙ ናቸው። ፋብሪካው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ስፖርቱ ሁሉ የየራሱ ጓንት አለው። ያን ጊዜ ጓንቱ መኖሩን ብቻ ጽፈን እንዳንመለስ። ማንን እንደሚጠብቅ እንጠይቅ፤ ከእሱ ወዲያ ያለውን ማን እያየው እንደሆነም አብረን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።